ከቅጠሉ ሥር ሦስት ጣቶች

ሊንደን፣ አዮዋ
ኖቬምበር 9 ቀን 2010 እ.ኤ.አ.

ለወይዘሮ ኢንገር ኤልስታድ፣

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። በእጅ የተጻፈ ፖስታ ካየሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል፤ መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች የእራት ተራዬን የሚያስታውሱኝ መስሎኝ ነበር። ከፍቼ ሳነበው ግን ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። ስሜንና ከተማዬን ከምሠራቸው ካርዶች ግርጌ በደቂቅ ፊደል እጽፋለሁ እንጂ አንድም ሰው አንብቦት ያውቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። እንኳንስ በዚያ ተነሥቶ ከኦሪገን ድረስ የሚጽፍልኝ ይኖራል ብዬ!

በስጦታ መለያ ካርዱ ላይ ያለችውን ልጅ ከየት አመጣሻት ብለውኛል። በ2006 ጸደይ እዚሁ ሊንደን ውስጥ የበርቲና ኤልስታድ ቤት ዕቃ በጨረታ ሲወጣ፣ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ አሮጌ ፎቶ ይዤ ወጣሁ። እሷም እዚያ ውስጥ ነበረች።

ሥራዬ ይኸው ነው። የቆየ ፎቶ ወይም ፖስትካርድ ሳገኝ ስካን አደርገዋለሁ፣ በኮምፒውተር እድፉን አጠራለሁ፣ ክንፍ ወይም ደወል እጨምርበትና ድረ ገጼ ላይ አስቀምጠዋለሁ። የፈለገ ሰው አውርዶ ለገና ካርድ ወይም ለዛፍ ጌጥ ያትመዋል፤ ሌላው እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ የትዝታ አልበም ይሠራበታል። የእናንተ የአረጋውያን መኖሪያ የእጅ ሥራ ክፍልም ያተመው ከዚያ ወስዶ ነው። ስማቸው የማይታወቀውን እነዚህን ሰዎች እንዲህ ያለ ሥራ የምንሠራው ሰዎች በክበባችን «ፈጣን ዘመዶች» እንላቸዋለን፤ የአያቱ ፎቶ የሌለው ሰው ከኛ ወስዶ አልበሙ ውስጥ አያት ይተክላል። ይህን እያልን ስንት ዓመት ስንስቅ ኖረናል። ከትናንት ወዲህ ግን ብዙም አላሳቀኝም።

ካመንኩ አይቀር ሁሉንም ልንገርዎ። ከካርቶኑ ሁሉ የምወደው እሷን ነው። ለገና ክንፍ አብቅዬላታለሁ፣ ለፍቅረኞች ቀን ልብ አስይዣታለሁ፣ አንድ ዓመት ለሃሎዊን የዱባ ባርኔጣ ደፍቼባታለሁ። ስለ ዱባው በተለይ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሴት ከዚያ የተሻለ ማሰብ ነበረባት።

አጠገቧ ሰው ነበር ወይ ላሉኝ፣ የለም፤ በረንዳ ላይ ብቻዋን ቆማለች። ክንፉን አንሥቼ ያተምኩትን አንድ ቅጂ ልኬልዎታለሁ። ይህ ደብዳቤ የተጻፈበትም ካርድ የኛው ቤት ሥራ ነው። ባለቤቴ ሜርል ገና ሲደርስ ለዛፉ ሥር የሚሆኑ ትንንሽ የካርቶን ቤቶች ይሠራል፤ ብልጭልጭ ይነሰነስባቸዋል፣ በጀርባቸው አምፖል የሚገባበት ቀዳዳ አላቸው። በካርዱ ላይ ያለው ባለ አረንጓዴ ጣሪያው ከነሱ አንዱ ነው።

ማን እንደሆነች ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ
ትዋይላ ራስሙሰን


አስቶሪያ፣ ኦሪገን
ኖቬምበር 17

ለትዋይላ፣

ፎቶውም ካርዱም ደርሰውኛል፤ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያ አንድ ነገር ላርም። ወይዘሮ አይደለሁም፣ አላገባሁም። የጠየቀኝ የለም ማለት ግን አይደለም። ደግሞ እኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ስለሆነ አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ።

ልጅቷ እህቴ ናት፤ ሶልቪ ትባላለች። ፎቶውን ስትነሣ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ እኔ አራት። በአራት ዓመትሽ ያየሽውን ፊት እንዴት አወቅሽው ትዪኝ ይሆናል። ፊቷ የእናቴ ፊት ነው። በረንዳውም የአክስቴ የበርቲና ነው፤ የምሰሶው ቅርጽ በአጎቴ ቢላዋ ሲወጣ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። በ1936 ዲሴምበር አንድ ከአገር አገር የሚዞር ፎቶ አንሺ መጣ። ያን ክረምት በአክስቴ ቤት ነበርን። በፌብሩዋሪ ትኩሳት ገባ፤ መጀመሪያ የአክስቴን ልጅ ጉድሩንን ያዛት፣ እሷ ዳነች። ሶልቪ አልዳነችም። እናቴ በሽታው ከእናንተ ልጅ ነው የመጣው ብላ ከአክስቴ ጋር ተጣላች። በጸደይ ጠቅልለን ወደዚህ መጣን። ፎቶው በፖስታ ሲደርስ እኛ ሄደናል፤ እናቴ እስክትሞት አላየችውም።

ፎቶ አንሺው ሲመጣ እናቴ ማዕድ ቤት ነበረች። የምታውቀው እኔን እያለቀስኩ ወደ በረንዳው እንደገፋችኝ ነው። በኋላ ግን በተናደደች ቁጥር የምትለኝ አንድ ነገር ነበራት፤ «ያኔ እንኳ አኩርፈሽ ከጎኗ አልቆምም አልሽ» ትለኛለች። እኔ ስለዚያ ቀን የማስታውሰው ብርዱን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሰው ነበር ወይ ብዬ የጠየቅኩሽ። ብቻዋን ናት ካልሽ እናቴ ልክ ነበረች። እንኳንም አወቅኩት። ደስ ብሎኛል አልልሽም።

አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጓንት ፋብሪካ ሠርቻለሁ፤ እጅ ብቻውን ሲሆን እንዴት እንደሚንጠለጠል አውቃለሁ። የሶልቪ ግራ እጅ ከጎኗ ራቅ ብሏል። አንጓዋ ላይ ቀይ ፍሬ ያለው የገና ቅጠል አለ። ቅጠሉ የሷ ነው ወይስ ያንቺ?

ኢንገር ኤልስታድ


ሊንደን
ኖቬምበር 24

ውድ ወይዘሪት ኢንገር፣

ቅጠሉ የኔ ነው።

ይህን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ነገ የምስጋና ቀን ነው፤ የዱባ ኬኩ ምድጃ ውስጥ ነው፣ ኩሽናው ሞቋል። ሜርል በዚህ ሳምንት ነበር ካርቶኖቹን አውጥቶ ቤቶቹን የሚጀምረው፤ የምግብ ጠረጴዛውን ይይዝብኝና ቆመን እንበላ ነበር።

ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ኮምፒውተሬ ላይ ያሉትን ፋይሎች ሁሉ ፈተሽኩ። ያለኝ ያስተካከልኩት ብቻ ነው። ባጸዳሁ ቁጥር በአሮጌው ላይ ደርቤ አስቀምጬዋለሁ፤ ለጀማሪዎች «እንዲህ እንዳታደርጉ» ብዬ የማስተምረውን ስሕተት። ከዚያ ዋናው ፎቶ ያለበትን ፖስታ ከሰገነቱ ላይ አወረድኩና ወረቀቱን ራሱን አየሁት። ቅጠሉ ባለበት ቦታ፣ በሶልቪ አንጓ ላይ፣ ሦስት ጣቶች አሉ። ትንንሽ ናቸው። የሌላ ልጅ ጣቶች።

አሁን አስታወስኩ። ሁለት ልጆች ነበሩ። ሁለተኛዋ ተንቀሳቅሳ ፊቷ ደብዝዟል። ለክንፍ የሚሆነው አንድ ልጅ ብቻውን ሲቆም ነው ብዬ በ2007 ፎቶውን ለሁለት ቆረጥኩት። በቀጥታ፣ በማስመሪያ! የክበባችን የመጀመሪያ ደንብ «ዋናውን አትቁረጡ፣ ቅጂውን ቁረጡ» የሚል ነው፤ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ስካነሩ ወረቀቱ ወፍራም ካርቶን ላይ ስለተለጠፈ አልዘጋ አለኝና ቸኮልኩ። የቀሩትን ጣቶች ደግሞ እንደ እድፍ ቆጥሬ በቅጠል ሸፈንኳቸው። ብቻዋን ናት ያልኩዎት የራሴን ውሸት አምኜ ነው።

የሶልቪን ግማሽ በአደራ ፖስታ ልኬልዎታለሁ። የርስዎ ነው፣ እንዳይመልሱልኝ። ሌላውን ግማሽ እየፈለግኩ ነው።

እግዚአብሔር ያሳይዎት፣ በጣም አዝኛለሁ።

ትዋይላ


አስቶሪያ
ዲሴምበር 1

ትዋይላ፣

ማዘኑ ይበቃል፤ በየመስመሩ ይቅርታ ስትጠይቂ መነጽሬን ደጋግሜ ማጽዳት ሆነብኝ። ጣቶቹን በቅጠል አልሸፈንኩም ብትዪኝ ነበር የምቀየምሽ።

ሶልቪ ደርሳለች። መስኮቱ ላይ አቁሜያታለሁ። ጎረቤቴ ሎረታ መጥታ «የማን ልጅ ናት?» ስትለኝ «ፈጣን ዘመዴ» አልኳት። ሰባ አራት ዓመት ፈጅቶባት ነው የመጣችው።

ሦስቱን ጣቶች በማጉያ አይቻቸዋለሁ። የያዙት አጥብቀው ነው፤ የእጅጌዋ ጨርቅ ተጨማዷል። የማን እንደሆኑ ግን ጣቶቹ አይናገሩም። ጉድሩንም እዚያው ቤት ነበረች፤ አምስት ዓመቷ ነበር፣ ቁመታችን እኩል ነበር። እኔ አኩርፌ ከሄድኩ ከሶልቪ ጎን የምትቆመው እሷ ናት። ስለዚህ አሁንም አላወቅኩም፤ እንዲያውም ከበፊቱ ባሰብኝ። በፊት ያለቀ ነገር ነበር። አሁን እንደ ሞኝ ተስፋ አደርጋለሁ፣ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ተስፋ እንቅልፍ ይነሣል።

ሌላውን ግማሽ ካገኘሽው ፊቷን ተዪው፣ ካፖርቷን እዪልኝ። የኔና የጉድሩን ካፖርት ከአንድ ጨርቅ የተሰፋ ነው። የኔን ግን የላይኛውን ቁልፍ ነቅዬ ለአሳማው አብልቼዋለሁ፤ እናቴ ጥቁር ስታጣ ትልቅ ነጭ ቁልፍ ተከለችበት። ተገርፌበታለሁና ቁልፉን አልረሳውም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሜርል ቤቶች ይሠራል ብለሽኛል። በሁለተኛው ይጀምር ነበር፣ እንበላ ነበር አልሽ። ደህና ነው?

ኢንገር


ሊንደን
ዲሴምበር 8

ውድ ወይዘሪት ኢንገር፣

አልፏል። ባለፈው ማርች። አፌ እስካሁን «ይሠራል» ይላል፤ ብዕሬም እንደ አፌ ሆኖ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ፣ ሳይጠይቁኝ ግን ማንሣት አልቻልኩም። እርስዎ ጠየቁኝ፤ ስለዚህ የቀረውንም ልናገር።

እየፈለግኩ ነው ያልኩዎት ውሸት ነው። ያን ስጽፍልዎ ግማሹ የት እንዳለ አውቅ ነበር።

ሜርል ባለፈው ገና አንድ ቤት ብቻ ነው የሠራው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሌላ ጊዜ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ለጣሪያ ወፍራም ካርቶን አጥቶ ጠየቀኝ። ከቁርጥራጭ ሳጥኔ ውስጥ እጄ የገባልኝን አነሣሁና ሰጠሁት። የደበዘዘችው ልጅ ነበረች። «ይቺን?» አለኝ። «ሰው አይደለችም እንዴ?» «ፊቷ አይታይም፣ ማን ይጠቀምባታል?» አልኩት። «እንግዲያስ ቤት እንስጣት» አለና ፎቶውን ወደ ውስጥ አዙሮ ለጠፋት፤ በጀርባው በኩል አረንጓዴ ቀባ፣ ብልጭልጭ ነሰነሰ።

በመጀመሪያ የላክሁልዎ ካርድ ላይ ያለው ቤት ያ ነው። በካርዱ ላይ ጣሪያው ቀጥ ያለው እኔ በኮምፒውተር አስተካክዬው ነው። ቤቱ ራሱ ጠሟል። ጭስ ማውጫው ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ ከነሙጫው ደርቆ ቀርቷል። ሙጫውን አውቀዋለሁ፤ ጣሪያውን ካነሣሁት ግድግዳው አብሮ ይሰነጠቃል።

ለዚህ ነው የዋሸሁት። ክፈችው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እርስዎ ሰባ አራት ዓመት የጠበቁትን እኔ ለአንድ የካርቶን ቤት ብዬ ደበቅኩ፤ አፍሬያለሁ። ትናንት ባትሪ አብርቼ በአምፖሉ ቀዳዳ አየሁ። ከጣሪያው ሥር በግርጌው በኩል ሁለት ጫማ ታየኝ። ከዚያ በላይ ከቀዳዳው አይታይም፤ ቢታይም ባትሪውን አጠፋ ነበር፣ ቀድሞ ማየት የኔ ድርሻ አይደለም።

ቢላዋውን ስዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። ክፈችው ካሉኝ እከፍተዋለሁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ትዋይላ


አስቶሪያ
ዲሴምበር 13

ትዋይላ ልጄ፣

ቢላዋውን ወደ መሳቢያው መልሺ። አሁኑኑ፣ ደብዳቤውን ሳትጨርሺ።

መለስሽው? ጥሩ።

ለሜርል አዝኛለሁ። «ሰው አይደለችም እንዴ?» ያለውን ደጋግሜ አነበብኩት። ባውቀው ኖሮ ጥሩ እንግባባ ነበር።

አንቺም ብትዋሺ እኔ አልፈርድብሽም። እኔ ለእናቴ ስንት ዓመት «አዎ፣ አኩርፌ ነበር» ብያት ኖሬያለሁ፤ ሳላውቅ፣ ለሰላም ብዬ። አንቺ ያለሽ አንድ ቤት ነው፣ ጠበቅሽው። እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

አሁን ስሚኝ። ጓንትን ስፌቱን ሳትተረትሪ ውስጡን ማየት ይቻላል፤ በፋብሪካው የኔ ሥራ ያ ነበር፣ ትንሽ መስተዋት በእንጨት ላይ አስረን እናስገባ ነበር። እዚህ በየወሩ የሚመጣ የጥርስ ሐኪም አለ። አራት ጥርስ ነው የቀረኝ፣ እነሱን እያየ ያደንቅልኛል። ያቺን ባለ እጀታ መስተዋትህን አውሰኝ አልኩት። «ምን ሊያደርግልሽ?» አለኝ። «ቤት ልጎበኝ» አልኩት። አበደች ብሎ ሰጠኝ።

ቤቱን እንዳለ ላኪልኝ። ሙሉውን፣ ከነጥመቱ። ለገና እዚህ ይሰንብት፣ በጃንዋሪ ስድስት ዛፍ ሲነሣ እመልስልሻለሁ። መላኩ ከከበደሽ ተዪው፤ በሦስቱ ጣት እኖራለሁ። ይህንንም የምለው ከልቤ ነው።

ኢንገር


ሊንደን
ዲሴምበር 16

ውድ ወይዘሪት ኢንገር፣

ዛሬ ጠዋት ላክሁት። ዙሪያውን የጠቀጠቅኩት የሜርል የሱፍ ካልሲዎች ናቸው፤ ከነሱ የሚሻል መጠቅለያ አላገኘሁም። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ «የሚሰበር ነገር አለው?» ስትለኝ አለቀስኩ፤ ምስኪኗ ደንግጣ በሁሉም ጎን «ተሰባሪ» የሚል ለጠፈችበት።

ከዛፉ ሥር የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። በረዶ እንዲመስል ያነጠፍኩትን ጥጥ አላስተካከልኩትም፤ የቤቱ መሠረት ምልክት አለበት፣ ይቆይ። ከብዶኝ ነበር፣ አልዋሽዎትም። ከላክሁት በኋላ ግን ወደ ቤት ስነዳ ቀለለኝ።

ምን እንዳዩ ይጻፉልኝ። ነጩ ቁልፍ ባይኖርም ይጻፉልኝ።

ትዋይላ


አስቶሪያ
ዲሴምበር 24

ትዋይላ ልጄ፣

ቤቱ ደህና ገብቷል፤ አንዲት ብልጭልጭ እንኳ አልረገፈችም ማለት ባልችልም ካልሲዎቹ ይዘዋታል። አንዱን ጥንድ አድርጌዋለሁ፣ እግሬ ይበርደዋል። አትቆጪ።

ሁለት ቀን ሳላየው ቆየሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ዞር ዞር እልለታለሁ። ሎረታ «ፈንጂ ነው እንዴ?» አለችኝ። ዛሬ ከቁርስ በኋላ በሬን ዘጋሁና መስተዋቱን በቀዳዳው አስገባሁት። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ዓይን ነው። ከዚያ ጫማውን አገኘሁ። ከዚያ የካፖርቱን ጫፍ። ከዚያ ቁልፎቹን፤ ሦስት ጥቁር፣ ከላይ አንድ ትልቅ ነጭ።

እኔ ነኝ፣ ትዋይላ።

እጄ ወደ ጎን ተዘርግቷል፤ ማስመሪያሽ እስከ ቆረጠበት ጠርዝ ድረስ ይሄዳል። ቀሪው እዚህ መስኮቴ ላይ፣ በሶልቪ አንጓ ላይ ነው። አልሄድኩም። ቆሜያለሁ፣ አጥብቄም ይዣታለሁ።

ፊቴ እንዳልሽው ደብዝዟል። ረጅም ጊዜ አየሁት፣ መስተዋቱን ወዲያ ወዲህ እያልኩ። ከዚያ ገባኝ። ካሜራውን አላየሁም። የደበዘዝኩት ሶልቪን ለማየት ስዞር ነው። አፌ ክፍት ነው፤ እያለቀስኩ ይሁን እየሳቅኩ አይለይም፣ የትኛውም ቢሆን ግድ የለኝም። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው። ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ለምሳ ሲጠሩኝ ሄጄ የሎረታንም ድርሻ ጭምር በላሁ።

እናቴን አልቀየምኳትም። እንዳላየችው አውቃለሁ። ብታየው ኖሮ ለሁለታችንም ይቀልልን ነበር።

ቤቱ ሲመለስልሽ መስተዋቱን በቀዳዳው አስገብተሽ ከውስጡ ፎቶ አንሺኝ። ከዚያ በኮምፒውተርሽ ሁለቱን ግማሾች ግጠሚልኝ፤ የሶልቪን ግማሽ ለስካን ብዬ አውስሻለሁ፣ አልሰጥሽም። ድረ ገጽሽ ላይ አውጪን፣ ሰዎች ለገና ይውሰዱን። ስማችንን ከሥሩ ጻፊ። ክንፍ ካስፈለገ ለሁለታችንም ይሁን። ፊቴን ግን እንዳታጠሪው። እንደደበዘዘ ይቆይ።

አሁን ያንቺ ስጦታ። መስተዋቱን ሳወጣ ከፊት ግድግዳው ውስጥ፣ ከበሩ በላይ፣ ጽሑፍ አየሁ። በእርሳስ ነው፣ እየተንቀጠቀጠ የተጻፈ። አንቺ በባትሪ ወደ ላይ ስላየሽ ነው ያመለጠሽ። በመስተዋት ስለሆነ ፊደሉ ተገልብጦብኝ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። እንዲህ ይላል፦ «ትዋይላ፣ ጣሪያው ጠሟል። አውቃለሁ። እንዳታስተካክዪው። ሜርል።»

ቤቱን በጃንዋሪ ስድስት እልካለሁ። መስተዋቱንም እዚያው ውስጥ እጨምረዋለሁ፣ ራስሽ እንድታነቢው። ሐኪሙን ጠፋብኝ እለዋለሁ።

ኢንገር